ቋንቋ ማወቅና ቋንቋ ማስተማር፦ ከአንድ የበጎ ፈቃድ እንግሊዝኛ አስጠኚ ሥልጠና የተገኙ ትዝብቶች

1. መግቢያ

አንድን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ያንኑ ቋንቋ ማስተማር አያቅተውም የሚል እምነት በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። እኔም የዚህ እምነት ተካፋይ ነበርኩ። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተምሬ፣ ለዓመታትም አስተምሬ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሄድኩ ጊዜ፣ ለአዲስ መጤዎች እንግሊዝኛ የሚያስጠኑ በጎ ፈቃደኞች እንደሚፈለጉ ሰማሁ። የእንግሊዝኛ ልቦለድ ሳነብ የኖርኩ ሰው በሳምንት ሁለት ሰዓት ማስጠናት ምን ይከብደኛል ብዬ ተመዘገብኩ። ድርጅቱ ግን አስቀድሜ መሠልጠን እንዳለብኝ ነገረኝ። ሥልጠናው በሦስት ቅዳሜዎች 18 ሰዓት የሚወስድ ሲሆን፣ ቦታው የአንድ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ነበር። መምህር ለሆነ ሰው «እንዴት እንደሚያስተምር እናሳየው» መባሉ ቅር አሰኝቶኝ እንደነበር አልደብቅም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ነው። አንደኛው፣ እንዲህ ያለው ሥልጠና ከየት እንደመጣና ምን ምን እንደያዘ ማስረዳት ነው። ሁለተኛው፣ አማርኛ ተናጋሪ እንግሊዝኛ ሲማር የሚገጥመውን ችግር ከአማርኛው ከራሱ ጠባይ ተነሥቶ ማሳየት ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ ሥልጠናው የነገረኝን ቸል በማለቴ አንዲት ተማሪዬ የከፈሉትን ዋጋ በመጥቀስ፣ ጉዳዩ አማርኛን ለምናስተምር ሰዎችም ትርጉም እንዳለው ማመልከት ነው።

2. የሥልጠናው አመጣጥ

በአሜሪካ የበጎ ፈቃድ አስጠኚዎች እንቅስቃሴ ሁለት ዋና ዋና ምንጮች አሉት። የመጀመሪያው ፍራንክ ላውባክ የተባሉት ሚስዮናዊ (እ.ኤ.አ. 1884-1970) የጀመሩት ነው። ላውባክ በ1930 ዓመተ ምሕረት አካባቢ (እ.ኤ.አ.) በፊሊፒንስ ላናኦ በተባለው አገር ከማራናኦ ሕዝብ ጋር ይሠሩ ነበር። ለመምህራን የሚከፈል ገንዘብ ባለቀ ጊዜ፣ ማንበብ የተማረ ሁሉ ያልተማረውን አንድ ሰው ያስተምር የሚል መርህ እዚያው ተወለደ። በኋላ ላውባክ ያቋቋሙት ድርጅት መቀመጫውን በኒውዮርክ ግዛት በሲራኪዩስ ከተማ አደረገ።

ሁለተኛው ምንጭ ከዚያው ከሲራኪዩስ የተነሣ ነው። ሩት ኮልቪን የተባሉ የቤት እመቤት በከተማቸው ከ11000 በላይ ሰዎች በቅጡ ማንበብና መጻፍ እንደማይችሉ ከሕዝብ ቆጠራ ውጤት በመረዳታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 የበጎ ፈቃድ አስጠኚዎችን ማሠልጠን ጀመሩ። ሁለቱ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2002 ተዋሕደው ፕሮሊተረሲ በሚል ስም አንድ ሆኑ። ኮልቪን እ.ኤ.አ. በ2024 በ107 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ሥራው የተጀመረው ማንበብ ለማይችሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቢሆንም፣ ውሎ አድሮ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነውን መጤዎችም አካትቷል።

ይህ መርህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመው ተማሪ ፊደል ቆጣሪውን ሲያስጠና፣ የኔታ ደግሞ ከፍ ያሉትን ሲቀጽሉ ኖረዋል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም የቆመው በተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ነበር። ዘመቻው በመጀመሪያ በአምስት፣ በኋላም በ15 ቋንቋዎች መካሄዱን እናስታውሳለን። ማስተማር የባለሙያ ብቻ ሳይሆን የተማረ ሁሉ ዕዳ ነው የሚለው አስተሳሰብ በሁለቱም አገር ነበረ ማለት ነው። ልዩነቱ ሲራኪዩሶች ዕዳ ከፋዩ እንዴት መክፈል እንዳለበት አስቀድመው ማሠልጠናቸው ላይ ነው።

3. ሥልጠናው ምን ይዟል?

የመጀመሪያው ቅዳሜ የተከፈተው በንግግር አልነበረም። አሠልጣኟ ገብተው ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡን ማንኛችንም በማናውቀው ቋንቋ ይናገሩ ጀመር። ቋንቋው ሀንጋሪኛ መሆኑን የሰማነው በኋላ ነው። እርሳስ ያነሣሉ፣ ኩባያ ያስቀምጣሉ፣ ወደ በሩ ይሄዳሉ፤ ከዚያም እየጠቆሙ ይጠይቁናል። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየን። እኔ ከሦስት ቃል በላይ አልያዝኩም፤ ሆኖም እሳቸው ባዩኝ ቁጥር ራሴን እነቀንቅ ነበር። ትምህርቱ ሲያበቃ «ስንቶቻችሁ ሳይገባችሁ ራሳችሁን ነቀነቃችሁ?» ብለው ጠየቁ። እጃቸውን ያላወጡት ጥቂቶች ነበሩ። ይህ ጥያቄ በኋላ ምን ያህል እንደሚያሳፍረኝ ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ከዚያ በኋላ የቀረቡትን ዘዴዎች በአጭሩ እጠቅሳለሁ። አንደኛው ጄምስ አሸር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያስተዋወቁት ሲሆን፣ ተማሪው ትእዛዝ እየሰማ በአካሉ እንዲፈጽም ማድረግ ነው። «ተነሥ፣ መስኮቱን ክፈት፣ መጽሐፉን ስጣት» ሲባል ያደርጋል፤ እንዲናገር ግን አይገደድም። ሕፃን ከመናገሩ በፊት ብዙ ይሰማል፤ ጎልማሳም ይህ ጊዜ ይገባዋል ነው ነገሩ። ሁለተኛው እስቲቨን ክራሸን በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ካቀረቡት ሐሳብ የተወሰደ ነው። በእሳቸው አመለካከት ቋንቋ የሚለመደው ተማሪው ከሚያውቀው ጥቂት ከፍ ያለ፣ ግን ሊገባው የሚችል ግብዓት ሲያገኝ ነው፤ ፍርሃትና ሐፍረት ካለ ግን ያ ግብዓት መግቢያ በር ያጣል። ክራሸን ሕግና ሰዋስው ማስጠናትን እጅግ በማሳነሳቸው የተቃወሟቸው ምሁራን ብዙ ናቸው። ስለ ፍርሃት የተናገሩትን ግን አስተምሮ የሚያውቅ ሰው የሚክደው አይመስለኝም።

ሦስተኛው ዘዴ ለሥነ ጽሑፍ ሰው ይበልጥ የሚጥም ነው። ተማሪው ከገዛ ሕይወቱ አንድ ነገር ይናገራል፤ አስጠኚው ቃሉን ሳይለውጥ ይጽፍለታል፤ ያ ጽሑፍ የንባብ ትምህርቱ ይሆናል። ተማሪው የሚያነበው የገዛ ራሱን ቃል ስለሆነ ትርጉሙን አያጣውም። በቃል ይኖር የነበረው ወደ ጽሑፍ ሲሸጋገር በዓይን የሚታይበት ቅጽበት ነው። ከዚህ ሌላ የትምህርት ዕቅድ አወጣጥ፣ ተማሪ ሲሳሳት በምን ጊዜ ማረምና በምን ጊዜ ማለፍ እንደሚገባ፣ ማስጠኛ ቁሳቁስን ከመድኃኒት ብልቃጥ፣ ከአውቶቡስ ሰሌዳና ከቤት ኪራይ ደረሰኝ እንዴት መውሰድ እንደሚቻል ተምረናል።

ከሁሉም በላይ ሲደጋገም የነበረው ግን አንድ ክልከላ ነው። ይኸውም «ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ የሚል ነበር። ተማሪው የገባው መሆኑ የሚታወቀው በሚሠራው እንጂ በሚሰጠው መልስ አይደለም። «ሦስት ሰዓት ቀጠሮ አለዎት» ካላችሁት በኋላ፣ ገባዎት ከማለት ይልቅ በሰዓቱ ላይ እንዲያሳያችሁ አድርጉ ይሉን ነበር።

4. አማርኛ በእንግሊዝኛ ውስጥ

አሠልጣኟ ስለ እስፓኝኛና ስለ ቻይንኛ ተናጋሪዎች ጠባይ ብዙ ቢያውቁም፣ ስለ አማርኛ ግን እኔን ጠየቁኝ። መልስ ለመስጠት ስነሣ ስለ ገዛ ቋንቋዬ በዚህ ዓይን አስቤ እንደማላውቅ ተረዳሁ። ሮበርት ላዶ እ.ኤ.አ. በ1957 የሁለት ቋንቋዎችን ሥርዓት በማነጻጸር ተማሪው የት እንደሚቸገር አስቀድሞ መገመት እንደሚቻል ጽፈው ነበር። ኮርደር በ1967፣ ሴሊንከር ደግሞ በ1972 (እ.ኤ.አ.) ጉዳዩን አሻሽለው፣ የተማሪ ስሕተት የድንቁርና ሳይሆን ተማሪው በልቡ የሠራው የራሱ ሥርዓት ምልክት መሆኑን አሳዩ። የሚከተሉት ነጥቦች በዚህ መንገድ ያየኋቸው ናቸው።

ሀ. ድምፅ። ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚነገረው የእንግሊዝኛ ድምፅ በአማርኛ ስለሌለ «ዝ»፣ «ድ»፣ «ስ» ወይም «ት» ይሆናል። አናባቢን በተመለከተ፣ «መርከብ» እና «በግ» የሚል ትርጉም ያላቸው ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በፊደላችን ሲጻፉ ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው፤ ፊደሉ የማይለየውን ጆሮም ሳይለየው ይቀራል። በቃል መነሻ ላይ ተነባቢዎች ሲደራረቡ «እ» ትገባለች፤ «እስፖርት»፣ «እስኩል» እንላለን። ፊደሉን ያየ አንባቢ ደግሞ ሁለት ጊዜ የተጻፈውን ተነባቢ ያጠብቀዋል። በአማርኛ መጥበቅና መላላት ትርጉም ስለሚለውጥ (ለምሳሌ «አለ» ተናገረ ሲሆን ይላላል፤ ኖረ ሲሆን ይጠብቃል) በጽሑፍ ተደግሞ ያየውን ሁሉ የጠበቀ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ለ. ባለቤትና ጾታ። «መጣች» በአማርኛ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ባለቤቱ በግሱ ውስጥ አለ። ስለዚህ ተማሪው የእንግሊዝኛውን ባለቤት ይጥለዋል። በሌላ በኩል ፀሐይ «ወጣች»፣ መኪና «ተበላሸች» ስለምንል፣ በእንግሊዝኛ ጾታ የሌለውን ነገር ሴት ያደርገዋል።

ሐ. ስሜትና ሕመም። «ራበኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ራሴን አመመኝ» ስንል ሰውዬው አድራጊ ሳይሆን ተደራጊ ነው። እንግሊዝኛ ግን ሰውየውን ባለቤት ያደርገዋል። ከዚህም የሚብሰው የአካል ክፍሎች ስያሜ ነው። «ልቤን አጥወለወለኝ» የሚል ሰው ስለ ሆዱ እየተናገረ ነው። አንድ የማውቃቸው ሰው ይህንኑ ቃል በቃል ተርጉመው «ልቤ፣ ልቤ» በማለታቸው፣ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ፈልገው ሄደው የልብ ምርመራ መሣሪያ ደረታቸው ላይ ተለጥፎ ውለዋል።

መ. ሰዓት። እኛ ቀኑን መቁጠር የምንጀምረው ከንጋት ነው። ሐኪም ቤት ከቀትር በኋላ በ3 ሰዓት ተቀጥሮ «ሦስት» የሚለውን ቃል ብቻ የያዘ ሰው፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ማለትም ስድስት ሰዓት ቀድሞ ይገኛል።

ሠ. አክብሮት። ይህኛው ረቂቅ ነው። አማርኛ አክብሮቱን የሚሸከመው በተውላጠ ስሙና በግሱ ነው። «ውሃ ይስጡኝ» ያለ ሰው ትሕትናውን በ«ይስጡኝ» ውስጥ ጨርሷል። ይህ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ወደ እንግሊዝኛ ሲያሻግረው አክብሮቱ ድንበሩ ላይ ይቀርና «ውሃ ስጠኝ» የሚል ባዶ ትእዛዝ ብቻ ይሻገራል። እንግሊዝኛ አክብሮትን የሚያኖረው «ይቻልዎ ይሆን» በሚመስል ጥያቄ ውስጥ ስለሆነ፣ ትሑቱ አማርኛ ተናጋሪ እንደ ባለጌ ይቆጠራል። እሱ በበኩሉ፣ በልጅ ዕድሜ የሚገኝ አስጠኚ በስሙ ብቻ ሲጠራው የተናቀ ይመስለዋል። ሁለቱም ሳይበድሉ ይቀያየማሉ።

ረ. አዎንታና አሉታ። «መድኃኒቱን አልወሰዱም?» ሲባል፣ ያልወሰደ አማርኛ ተናጋሪ «አዎ» ይላል፤ ጠያቂው ያለው ልክ ነው ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ያልወሰደ ሰው «አይ» ማለት አለበት። በዚህ ላይ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ አዎ የማለት ልማዳችን ሲጨመር፣ ባዕዱ ሰሚ ተናጋሪው የደነገጠ ሊመስለው ይችላል።

5. «እሺ» የሚለው ቃል

ከሥልጠናው በኋላ የተመደቡልኝ ተማሪ በ60ዎቹ ዕድሜ የሚገኙ የወሎ ሴት ነበሩ። እዚህ ላይ እማማ ብቻ እላቸዋለሁ። ከልጃቸው ዘንድ ሆነው የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። የአሜሪካ ዜግነት የፈለጉበት ምክንያት አንድ ነበር። ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው ላገባ ልጁ ማመልከት አይችልም፤ ዜጋ ግን ይችላል። ያገባ ልጃቸው ደሴ ነው። ሕጉ 50 ዓመት የሞላውና በቋሚ ነዋሪነት 20 ዓመት የቆየን፣ ወይም 55 ዓመት የሞላውና 15 ዓመት የቆየን ሰው ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ያደርጋል። እማማ ግን የቆዩት ስምንት ዓመት ስለነበር፣ ከሦስት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን ማንበብ፣ ከሦስት አንዱን መጻፍና የመርማሪውን ጥያቄ በእንግሊዝኛ መመለስ ነበረባቸው።

እኔም የሠለጠንኩትን ትቼ የለመድኩትን ማስተማር ጀመርኩ። የግስ ጊዜያትን በሠንጠረዥ አስቀመጥኩ፤ ስለ መስተዋድድ አብራራሁ። በየመካከሉም «ገባዎት፣ እማማ?» እላለሁ፤ እሳቸውም «እሺ» ይላሉ። ስድስት ወር እንዲህ ሄድን። ደስ ብሎኝ ነበር።

በፈተናው ቀን ንባቡንና ጽሕፈቱን በጭንቅ አለፉ። መርማሪው ከማመልከቻ ቅጹ እያነበበ፣ ታስረው ያውቃሉ፣ ከአገር ተባረው ያውቃሉ፣ የሐሰት ሰነድ አቅርበው ያውቃሉ እያለ ሲጠይቃቸው፣ ለሁሉም በእንግሊዝኛ «አዎ» አሉ። መርማሪው ነገሩ ስላልገባቸው መሆኑን በመረዳቱ ከከፋ ነገር ተረፉ፤ ሆኖም ወደቁ። በደንቡ መሠረት ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና እንዲቀርቡ ተነገራቸው።

ምነው አልገባኝም ሳይሉኝ ቀሩ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ከሥራ ደክመህ መጥተህ ስታስተምረኝ፣ አልገባኝም ብዬ እንዴት ላሳዝንህ?» አሉኝ።

አማርኛ አስተማሪ ሆኜ «እሺ» የሚለውን ቃል አለማወቄን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። «እሺ» ገባኝ ማለት አይደለም። ሰማሁ፣ አከበርኩህ፣ አልከራከርህም ማለት ነው። ቃሉ የሚናገረው ስለ ግንኙነቱ እንጂ ስለ ዕውቀቱ አይደለም። ከሀንጋሪኛው ትምህርት ላይ ራሴን ስነቀንቅ ያደረግሁትም ይህንኑ ነበር። አስተማሪዬን አላሳዘንኩም፤ የተማርኩት ነገር ግን አልነበረም።

6. አፍ መፍቻ ቋንቋ ይግባ ወይስ ይከልከል?

የቀሩን አሥር ሳምንታት ያህል ነበሩ። ሌላ ጥያቄ መወሰን ነበረብኝ። ሥልጠናው በትምህርት ሰዓት ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ እንዳንጠቀም መክሮናል። ኤልሳ አወርባክ ግን እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት ይህን ልማድ በመተቸት፣ የተማሪውን አፍ መፍቻ ቋንቋ መከልከል ከትምህርታዊ ምክንያት ይልቅ በአመለካከት ላይ የቆመ መሆኑን ተከራክረዋል። በአንድ ክፍል ውስጥ አሥር ቋንቋ የሚናገሩ ተማሪዎች ካሉ ክልከላው የሚያስገድድ ምክንያት አለው። ሁለት አማርኛ ተናጋሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ግን የጋራ ሀብታቸውን ከበር ውጭ ጥለው ይግቡ ማለት አይታየኝም።

ስለዚህ አማርኛን በልክ አስገባሁ። እማማ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በኩራዝ ብርሃን መሆኑን ነገሩኝ፤ ስድስት ወር አብሬያቸው ስቀመጥ ይህን አልጠየቅሁም ነበር። የማስታወሻ ደብተራቸውን በሁለት ከፈልን፤ በግራ የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በቀኝ ድምፁን በፊደል ይጽፉታል። በመጀመሪያ ያስተማርኳቸው ዓረፍተ ነገር «ይቅርታ፣ አልገባኝም፤ እባክዎ ይድገሙልኝ» የሚለው ነበር። አልገባኝም ማለት ነውር እንዳልሆነ፣ ፈተናውም ይህን እንደሚፈቅድ በአማርኛ አስረዳኋቸው። «ታውቂያለሽ ወይ» የሚለውን የጥያቄ ዓይነት ደግሞ በእግር ተለማመድነው። ከክፍሉ አንዱ ጥግ «አዎ»፣ ሌላው «አይ» ሆነ። ደሴን አይተው ያውቃሉ? ወደ አዎ ይሄዳሉ። አውሮፕላን ነድተው ያውቃሉ? እየሳቁ ወደ አይ ይመለሳሉ። ገብቷቸው እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ የቆሙበትን ማየት በቂ ነበር። ለንባቡም እሳቸው ስለ ቡና አፈላልና ስለ ልጃቸው የተናገሩትን በአጫጭር እንግሊዝኛ ጻፍኩላቸው። «ልጄ ደሴ ይኖራል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንብበው ሲጨርሱ ጣታቸውን ከወረቀቱ ላይ ቶሎ አላነሡም።

በሁለተኛው ቀጠሮ አለፉ። መርማሪውን ሁለት ጊዜ «ይድገሙልኝ» እንዳሉት የነገሩኝ ከማለፋቸው ይልቅ በዚያ ኮርተው ነው። ለልጃቸው አመልክተዋል፤ ወረፋው ግን የብዙ ዓመት ነው። ቀድሜ በደንብ አስተምሬያቸው ቢሆን ኖሮ ወረፋው ላይ ከሦስት ወር ገደማ በፊት ይሰለፉ ነበር።

7. መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው ሦስት ነገሮች የሚወጡ ይመስለኛል። አንደኛ፣ ቋንቋን ማወቅ ለማስተማር አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አይደለም። ተናጋሪ ለቋንቋው ያለው ዕውቀት የሚሠራበት እንጂ የሚያብራራው ስላልሆነ፣ ከውጭ ሆኖ ማየትን መማር አለበት። ሁለተኛ፣ የተማሪ ስሕተት ሁለቱንም ቋንቋዎች የሚያሳይ መስኮት ነው። «አዎ»፣ «እሺ» እና «ልቤን» የሚሉትን ቃላት በትክክል ያየኋቸው በእንግሊዝኛ ውስጥ ሲሰናከሉ ነው። ሦስተኛ፣ አንድ ጎልማሳ ተማሪ ዝም ሲል ወይም ሲስማማ፣ ዝምታው የባህሉ ቋንቋ መሆኑን አስተማሪው ማንበብ ይኖርበታል።

ይህ ስለ እንግሊዝኛ ብቻ የተባለ አይደለም። በአገራችን አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚማሩ ብዙ ናቸው። በውጭ የተወለዱ የኢትዮጵያውያን ልጆችም ቅዳሜና እሑድ ፊደል ለመቁጠር ይሰበሰባሉ። የሚያስተምሯቸው በአብዛኛው እንደ እኔ ቋንቋውን ማወቃቸውን ብቻ ተማምነው የገቡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የአማርኛ ተማሪዎቻችን ከመመረቃቸው በፊት አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ አንድ ሰው ለጥቂት ወራት ቢያስጠኑና የሰሙትን ስሕተት በማስታወሻ ቢይዙ፣ ለተማሪውም ለትምህርት ክፍሉም የሚጠቅም ይመስለኛል። ወደዚያ ሲሄዱ ግን አንድ ጥያቄ ከአፋቸው እንዳያወጡ አደራ እላለሁ፤ እሱም «ገባህ?» የሚለው ነው።